የት ቆመህ አነሳኸው?

ኦስሎ የምንኖር ወላጆች ከቤተ ክርስቲያን፣ ከለቅሶ ቤትና ከልደት ድግስ የተረፈችንን የእረፍት ሰዓት ለልጆቻችን ስልክ አስረክበናታል። ጫካው ግን ደጃችን ነው። ግሩሩድ ሸለቆ የሚኖር ሰው አመሩድ ጣቢያ ወርዶ በእግሩ ስታይንብሩቫን ሐይቅ ይደርሳል። መሀል ከተማ ያለው ደግሞ በ1 ቁጥር ቴባን ቬታኮለን ወርዶ ዳገቷን ቢወጣ ፊዮርዱን ቁልቁል ያያል። መግቢያ አይከፈልበት፣ ከልካይ የለበት፤ በ1957 የወጣው ሕግ በእርሻ ባልተያዘ መሬት ማንም እንዲዘዋወር ይፈቅዳል።

እንግዲህ ልጃችሁን የወረቀት ካርታና ካሜራ አስይዛችሁ ይዛችሁት ውጡ። ስልክም ቢሆን ካሜራ ነው፤ ቦታ ጠቋሚዋን ሰማያዊ ነጥብ ብቻ አጥፉበት። ደንቡ አንድ ይሁን፦ ፎቶ ባነሳ ቁጥር የቆመበትን ቦታ ካርታው ላይ በእርሳስ ነጥብ፣ ያነጣጠረበትን አቅጣጫ በቀስት ያሳይ። ማሳየት ካቃተው ያ ፎቶ አይቆጠርም። እናንተም መልሱን ለመንገር አትቸኩሉ። ሐይቁ በየት በኩል ነው? መንገዱ የተሻገረው ወንዝ የቱ ነው? ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ለአበሻ ወላጅ ከዳገቱ ይከብዳል፤ ቢሆንም ቻሉት።

ዳገት ላይ ትንሽ ቆዩ። በኖርዌይ የካርታ መሥሪያ ቤት 1 ለ50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው፤ ቀጫጭኖቹ ቡናማ መስመሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው የ20 ሜትር የከፍታ ልዩነት ያሳያሉ። ሲጠጋጉ መሬቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲራራቁ ለጥ ያለ። ልጁ እያለከለከ የወጣውን አቀበት ፎቶ ያንሳው፤ ምስሉ ላይ ሜዳ መስሎ ያገኘዋል፤ ካሜራ ዳገትን ያሳንሳል። «የቱ ጋ ጠፋ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እህቱን አቀበቱ መሀል አቁሞ ከጎን በኩል ደግሞ ያንሳና ሁለቱን ፎቶዎች ከመስመሮቹ ጋር ያስተያይ። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ የከፍታ መስመር ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አቅጣጫን በጥላ አስጀምሩት። ኦስሎ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት፤ ስለዚህ በጁን ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ በዲሴምበር 6 ሰዓት ከሩብ አካባቢ የራሱን ጥላ ቢያነሳ ጥላው ወደ ሰሜን ያመለክታል። አዲስ አበባ ላይ በጁን ነገሩ ይገለበጣል፤ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። እዚያ ላለች አያቱ ደውሎ በእሷ የቀትር ሰዓት የጥላዋን ፎቶ እንዲላክለት ቢጠይቅ እንዴት ያለ ትምህርት ነው!

ካርታ አንብቦ መሄድ እዚህ አገር ጨዋታም ሆኖ ኖሯል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመጀመሪያው የኦሪየንቴሪንግ ውድድር ተብሎ የሚጠቀሰው ኦክቶበር 31 ቀን 1897 ኦስሎ አቅራቢያ የተደረገው ነው፤ 19.5 ኪሎ ሜትር፣ መድረሻ ምልክቶቹም ሦስት የገበሬ ቤቶች ብቻ። እኛም ብንሆን ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ገጠር ያደገ ወላጅ ጋራውን ከሸንተረሩ፣ ገደሉን ከሸለቆው ለይቶ ይጠራል፤ ልጁ በኖርዌይኛ የሚያውቀውን መሬት በአማርኛም ይሰይምለት።

አሁን አንድ አደራ። መታጠፊያ ላይ ልጁ ሲሳሳት ብታዩት ወዲያው አትመልሱት፤ ገደልና ውሃ እስከሌለ ድረስ ጥቂት መቶ ሜትር አብራችሁት ሂዱ። ዛፍ ላይ የሚቀባው የእግር መንገድ ምልክት ሰማያዊ ነው፤ ቀዩ የበረዶ መንሸራተቻው ነው፤ ሰማያዊው መጥፋቱን ራሱ ይወቀው። ሲደናገር «ያለህበትን በእርግጠኝነት ያወቅክበት የመጨረሻው ፎቶ የትኛው ነው?» በሉት። ፎቶውን ፈልጎ ያውጣ፣ ነጥቡን ካርታው ላይ ያግኝ፣ እሱ እየመራ ወደዚያ ተመለሱና ከዚያ እንደገና ቀጥሉ።