ሰውን በስሙ ስለ ማሰብ

የሞተውን ማሰብ በሕይወት ያለ ሰው ሁሉ ያለበት ዕዳ ነው። ዳሩ ግን ማሰብ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰውየውን የሚያስብ አለ፤ በሰውየው ላይ የደረሰውን ብቻ የሚያስብም አለ። የሁለቱ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በአካሉ ጉዳት የነበረበት ዘመድ ወይም ወዳጅ በሞተ ጊዜ ነው።

በደብረ ማርቆስ አገር፥ ከጮቄ ተራራ በታች ባለው ደጋ፥ ሮብ ገበያ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ አገር አንዲት ልጅ ነበረች እንበል። ከተወለደች ጀምሮ እግሯ አልቆመም፤ አንደበቷም አልተፈታም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከእሳቱ አጠገብ በመደብ ላይ ተኝታ ኖረች፤ እናቷም እያጐረሰች፥ እያጠበች፥ ከብርዱም በጋቢ እየሸፈነች አኖረቻት። ጐረቤት ሲገባ «ያቺ ልጅ እንዴት ናት?» ይላል፤ ሲወጣም «ያቺ ሽባ» እያለ ያወራል። ልጅቱ በሞተች ጊዜ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እናቲቱን «እሷም ዐረፈች፤ አንቺም ተገላገልሽ» እያለ አጽናናት። ተዝካሯ በሚወጣበት ቀን ግን ቄሱ «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ቤት ሙሉ ሰው ዝም አለ። የክርስትናውን ስም ይቅርና የቤት ስሟንም የሚያውቅ አልተገኘም። ስሟን የተናገረች ከምድጃው አጠገብ የነበረችው እናቷ ብቻ ናት።

እንዲህ ያለ ቤት በሮብ ገበያ ብቻ ሳይሆን በየአገሩ ይገኛል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ሃያ ዓመት ሲያያት የኖረው ማንን ነው? ዛሬስ ሊያስባት የተሰበሰበው ማንን ሊያስብ ነው?

ሰዎች በዚህ ነገር በሦስት መንገድ ይስታሉ። አንዳንዶቹ ጉዳቱን ይደብቃሉ፤ በሕይወት ሳለ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ ያስገቡታል፤ ከሞተም በኋላ ከልጆቹ ቍጥር ያጐድሉታል። ይህ የሚመጣው ጉዳትን ሁሉ የኃጢአት ደመወዝ አድርጎ ከማሰብ ነው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የማን ኃጢአት እንደ ሆነ ጌታን ጠይቀውት ነበር፤ እርሱ ግን የሰውየውም የወላጆቹም እንዳልሆነ ነገራቸው። ይህ ሲነበብ የሚሰማ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ልጁን ቢደብቅ፥ ወንጌሉ በጆሮው አለፈ እንጂ ወደ ልቡ አልገባም።

ሌሎቹ ደግሞ ጉዳቱን ስም ያደርጉታል። ዕውሩ፥ አንካሳው፥ ዲዳው ይላሉ። ከዚህ በኋላ ሰውየው ቢያዝንም ቢስቅም፥ ቢቈጣም ቢለግስም፥ የሚታየው ያው ጉዳቱ ነው። ሦስተኞቹ ከእነዚህ የተሻሉ ይመስላሉ፤ የዚያን ሰው ሕይወት ለራሳቸው ትምህርት ያደርጉታል። «እግዚአብሔር ለእናቱ የጽድቅ መሰላል ሰጣት» ይላሉ። የእናቲቱ ድካም ጽድቅ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሰው ለሌላው ሰው መሰላል ሊሆን ብቻ አልተፈጠረም፤ መሰላል የሚረገጥ ነውና።

ትክክለኛው መንገድ ወዴት እንደ ሆነ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በዳዊት ታሪክ ይታያል። ዳዊት ከነገሠ በኋላ ስለ ወዳጁ ስለ ዮናታን ፍቅር ብሎ ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ሲባ የሚባለው አገልጋይም የዮናታን ልጅ መኖሩን፥ እርሱም እግሩ ሽባ መሆኑን ነገረው። ስሙን ግን አልተናገረም። ጉዳቱ እስኪጠራ ድረስ ስሙ አልተጠራም። ልጁ መጥቶ በንጉሡ ፊት በግንባሩ በተደፋ ጊዜ ግን የዳዊት የመጀመሪያ ቃሉ ስሙ ነበር፤ ሜምፊቦስቴ ብሎ ጠራው። ከዚያም የአባቱን ርስት መለሰለት፤ ከማዕዱም እንዲበላ አደረገው። ጸሐፊውም ምዕራፉን ሲጨርስ ሁለት እግሩ ሽባ እንደ ነበረ ደግሞ ይጽፋል። እንግዲህ መጽሐፍ ጉዳቱን አልደበቀም፤ ነገር ግን ከስሙና ከማዕዱ በኋላ አኖረው። አገልጋዩና ንጉሡ የተናገሩት ስለ አንድ ሰው ነው፤ የተለያዩት በቅደም ተከተሉ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም የጻድቁን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን መታሰቢያ የምታደርገው በዚሁ ሥርዓት ነው። ጻድቁ በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሯል። ሠዓሊው ይህን አይሸሽግም፤ በአንድ እግር ቆመው፥ የተሰበረውንም አጠገባቸው አድርጎ፥ ክንፋቸውን ጨምሮ ይሥላቸዋል። ጥር 24 ቀንም ስባረ ዐፅማቸው ይከበራል። ነገር ግን ማንም «እግረ ሰባራው» ብሎ አይጠራቸውም፤ ተክለ ሃይማኖት ይላቸዋል እንጂ። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ሁሉ የሚከበረው የአካል ጉዳተኞች ቀንም አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 24 ቀን፥ በጻድቁ ወርኃዊ በዓል ላይ ይውላል። ይህ ሰው አስቦ ያደረገው ባይሆንም፥ ለሚያስተውል ሰው ጥሩ መግጠም ነው።

በጎጃም ስለ አካል ጉዳት በሚነገርበት ጊዜ የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስም ሳይነሣ አይቀርም። በ20ኛው መቶ ዘመን የኖሩት እኒህ ሴት ዐይነ ስውር ነበሩ፤ ከቅኔ መምህሩ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው ራሳቸው የቅኔ መምህር ሆኑ። ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ «ዐይን ሳይኖራቸው!» ብሎ ይደነቃል። ዳሩ ግን የቅኔ ቤትን የሚያውቅ ሰው የሚደነቀው በሌላ ነገር ነው። ቅኔ የሚቈጠረው በልብ ነው፤ ለመምህሩ የሚነገረው በቃል ነው፤ የሚታረመውም በጆሮ ነው። የጐደለውን ፊደል፥ የተሳሳተውን ዜማ ልክ፥ ያልገጠመውን ምሥጢር የሚያገኝ ዐይን አይደለም። ስለዚህ በዚያ ቤት የእማሆይ ዐይን አለማየት ለማስተማር እንቅፋት አልነበረም። እንቅፋት የሚሆንባቸው ሴትንና ዐይነ ስውርን አስቀድሞ ከደጅ የሚመልስ ልማድ ነበር፤ አባታቸው ግን ደጁን ከፈቱላቸው። ከዚህም የምንረዳው፥ ከጉዳቱ ክብደት እኵሌታው በሰውየው አካል ላይ ሳይሆን በቤቱ አሠራር ላይ መሆኑን ነው።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እማሆይ ገላነሽን በቅኔያቸው ምክንያት ብቻ የምናከብር ከሆነ፥ ቅኔ ያልቈጠረችውን፥ በሮብ ገበያ በመደብ ላይ ተኝታ የኖረችውን ልጅ ምን ልንላት ነው? ሰውን በሚሠራው ሥራ ብቻ የሚመዝን ሚዛን እሷን ባዶ ነሽ ይላታል። «ተገላገልሽ» የሚለው ማጽናኛም የወጣ ከዚሁ ሚዛን ነው። እናቲቱ መድከሟ እውነት ነው፤ ድካሟ ማብቃቱም እውነት ነው። እሷ የምታለቅሰው ግን ስለ ድካሟ አይደለም። ልጅቱ የረቡዕን ቀን ከሁሉ በፊት ታውቀው ነበር፤ ገና ሳይነጋ ወደ ገበያ የሚወርዱት አህዮች ኮቴ ሲሰማ ፊቷን ወደ ደጅ መልሳ ትስቅ ነበር። እናቷም ከገበያ በምትመለስበት ጊዜ ከመንገደኛው ሁሉ የእሷን እርምጃ ለይታ ታውቀው ነበር። አሁንም ረቡዕ ይመጣል፤ አህዮቹም ያልፋሉ፤ የሚስቅላቸው ግን የለም። እናቲቱ ያጣችው ሸክም አይደለም፤ ሰው ነው።

የቅኔ ሊቃውንት ሰምና ወርቅን ሲያስተምሩ ሰሙ አንድ ነገር፥ ወርቁ ሌላ ነገር ሆኖ ይነገራል። ብዙ ሰውም የተጐዳውን አካል ሰም፥ ነፍስን ወርቅ አድርጎ፥ ሰሙ ቀልጦ ይጥፋ ይላል። ኅብር በሚባለው ቅኔ ግን ሁለቱ ምሥጢር በአንድ ቃል ውስጥ ነው፤ ቃሉን ከጣልኸው ሁለቱንም ታጣለህ። ሰው ኅብር ነው። ያ የማይቆም እግርና ያ በኮቴ ድምፅ የሚስቅ ፊት የአንዲት ልጅ ናቸው፤ አንዱን ሰርዞ ሌላውን ማሰብ አይቻልም።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 676 የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። መልካም ነው፤ ሕግ የትምህርት ቤትንና የሥራን ደጅ ሊያስከፍት ይችላል። የጐረቤትን ስም መጠየቅ ግን አዋጅ አይጠብቅም።

ቤተ ክርስቲያን በፍትሐትና በተዝካር ሙታንን ስትጠራ ባለጠጋ ወይም ድኻ፥ ዐይናማ ወይም ዕውር ብላ አትጠራም፤ በጥምቀት የተሰጠውን ስም ብቻ ትጠራለች። ሴት ልጅ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ ከሞተችም በኋላ በሰማንያ ቀኗ ትታሰባለች። ያቺ ልጅ በመጀመሪያው ሰማንያ የተቀበለችው ስም በኋለኛው ሰማንያ ተጠራ። በሁለቱ መካከል ባለፈው ሃያ ዓመት ግን ከእናቷ በቀር የጠራት አልነበረም። ቄሱ ስሟን ለመስማት የጠየቁት በሞተች ጊዜ ነው፤ ጐረቤት ግን በሕይወት ሳለች ሊጠይቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ተዝካር የሚጀመረው ከመቃብር በኋላ አይደለም። በመጪው ረቡዕ ከገበያ የሚመለስ ሰው እንዲህ ወዳለው ቤት ጎራ ብሎ፥ ከመደቡ አጠገብ ተቀምጦ፥ በዚያ የተኛውን ሰው በስሙ ቢጠራው፥ መታሰቢያውን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አደረገለት።