የዕቁብ ብርና የመመለስ ቃል

ጓደኛችን ወደ አውሮፓ ተጠርቷል። ለዘለቄታው አይደለም፤ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ። እንደኛው የአካውንቲንግ ተማሪ ነው፤ በተማሪዎች ልውውጥ ስምምነት መሠረት አምስት ወር የንግድ ሥራ አመራር ተምሮ፣ ውጤቱ እዚህ ተቆጥሮለት ይመለሳል። ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው። እኛም የወሬው ደስታ ሳይበርድ አዲሱ ገበያ፣ እነሱ ቤት ተሰበሰብንና ቅጹን መሙላት ያዝን። አምስት ነን፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ የእናቱ ቡና። እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ ቀላል ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ ግን ሁለት ጥያቄዎች መጡና እስከ እኩለ ሌሊት አከራከሩን። አንደኛው «ገንዘቡ ከየት ነው?» ይላል። ሁለተኛው «እንደምትመለስ ማስረጃህ ምንድን ነው?» ይላል። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ክርክሩ ስላላለቀልን ነው።

አስቀድመን ስለ ገንዘቡ። አንድ የጓደኛችን ዘመድ «ምን ችግር አለ? ስድስት መቶ ሺህ ብር ለሁለት ሳምንት በስምህ ላስቀምጥልህ፤ ባንኩ ማኅተሙን ይመታልሃል፤ ከዚያ ትመልስልኛለህ» አሉት። ዘመዱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ቸር ናቸው። እንዲህ ያለው ብር የተውሶ ልብስ ነው፤ ለሠርጉ ይለበሳል፣ በማግሥቱ ታጥፎ ለባለቤቱ ይመለሳል። ከመካከላችን አንዱ «ይህ እኮ ውሸት ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «ውሸት የሚባለው ሰው ሲጎዳ ነው፤ እዚህ ማን ተጎዳ? ኤምባሲው ይራባል?» አለ። ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን መልስ የሰጠ አልነበረም።

እኛ የሒሳብ ሰዎች ነን ባዮች ነን። ገና አንደኛ ዓመት ስንገባ የተማርነው ሀብት ማለት የዕዳና የካፒታል ድምር መሆኑን ነው። የባንኩ ወረቀት የሚያሳየው ግን ግራውን ወገን ብቻ ነው፤ ማን እንዳበደረና መቼ እንደሚመለስ የሚናገረው ቀኙ ወገን የለበትም። በፈተና ላይ ዕዳውን የደበቀ የኩባንያ ሒሳብ ቢሰጠን ያለ ርኅራኄ «ማጭበርበር» ብለን እናልፈው ነበር። የጓደኛችን ሲሆን ጊዜ «ዘዴ» አልነው።

ይሁንና ነገሩ በዚህ አያበቃም። መለኪያው ራሱ ምን ዐይነት ነው? ለምሳሌ ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ አንድ የውጭ ተማሪ ለኑሮው በወር 992 ዩሮ እንዳለው እንዲያሳይ ይጠየቃል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር በላይ ሆነ። አንድ ቤተሰብ ሳይሰንፍ፣ ሳያባክን፣ ያጠራቀመው ገንዘብ በነሱ ሚዛን ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ታዲያ መለኪያው እየሸሸ ሲሄድ ተለኪው በጣቱ ቢንጠራራ ይፈረድበታል? ይህን ያለው ልጅ ያሸነፈን መስሎን ነበር።

እናቱ ግን ክርክራችንን ከጓዳ ሲሰሙ ቆይተው ሌላ መንገድ አመጡ። እሳቸው በሱሉልታ መንገድ የሚመጣ ቅቤና አይብ አዲሱ ገበያ ይሸጣሉ። ሠላሳ ሰው ያለበት፣ በየሳምንቱ 5,000 ብር የሚጣልበት የነጋዴ ዕቁብ አላቸው። የዕቁቡን ዳኛ አስፈቅደው፣ ሦስተኛው ዕጣ የወጣለትን ሰው ለምነው፣ 150,000 ብሩን በእሱ ፈንታ ወሰዱ። ሰውየው አንድ ብር አልጠየቀም፤ «ለትምህርት ከሆነማ» ብሎ ተወላቸው።

ይህስ ብር የማን ነው? አስልተነዋል። 15,000 ብሩ የራሳቸው ነው፤ 135,000 ብሩ ዕዳ ነው፤ ገና ሃያ ሰባት ሳምንት ይጥላሉ። በደረቁ ሒሳብ ከሄድን ከዘመዱ ብር ብዙም አይለይም፤ ሁለቱም ብድር ናቸው። እኛ ግን ይለያል እንላለን። የዘመዱ ብር ቦሌን ሳያይ ይመለሳል፤ ለጉዞው ታስቦም አያውቅም። የዕቁቡ ብር ትኬት ይገዛል፣ የጤና መድን ይከፍላል፣ የትምህርት ድጎማው እስኪደርስ የመጀመሪያውን ወር የቤት ኪራይ ይችላል። ቅጹ የሚጠይቀው «ሀብታም ነህ ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «እዚህ መጥተህ ትኖራለህ ወይ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ አንደኛው ብር ይዋሻል፣ ሁለተኛው እውነቱን ይናገራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ለመመለስህ ንብረት፣ ሥራ ወይም ትዳር አሳይ ነው ነገሩ። የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ከሦስቱ የትኛውን ያምጣ? ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ቪዛ እንዲጠብቅ ወስኗል፤ የመልሱ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛም ቀረ። የቀረበው ምክንያት፣ ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ መንግሥታችን በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። የሴሚስተር ተማሪ የሚጠይቀው ቪዛ ሌላ ዐይነት ነው፤ ጥርጣሬው ግን ያው ነው። ከኛ በፊት ሄዶ የቀረ ሰው ሁሉ በኛ ቅጽ ላይ ስሙ ሳይጻፍ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ነው ያ የሳቅንበት ጥያቄ ተመልሶ የመጣብን። ማን ተጎዳ? ኤምባሲው አልተራበም። የተጎዳነው እኛ ነን፤ ከኛ ቀጥሎ ደግሞ ወደፊት ይህንኑ ቅጽ የሚሞላው፣ አሁን ምናልባት አሥራ አንደኛ ክፍል ያለ የጉለሌ ልጅ ነው። ጓደኛችን ቢቀር ዕዳውን የሚከፍለው እሱ ነው፤ ለዚያውም ማን እንዳበደረው ሳያውቅ።

ነገሩ እንዲህ ጠርቶ ቢቀር መልካም ነበር። ግን የሠፈሩ ምርቃት አለ። በዚያው ሰሞን አንዲት ጎረቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ የጓደኛችንን እጅ ይዘው «ሂድ የኔ ልጅ፣ እግርህ አንዴ ከረገጠ እዛው ቅር፤ እዚህ ምን አለ ብለህ!» ብለው መረቁት። እሱም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ። ጠዋት ለቅጹ «እመለሳለሁ» ብሎ የፈረመ ልጅ ማታ ለእትዬ «አሜን» አለ። ከሁለቱ አንዱን ዋሽቷል። እትዬን ማረም ነውር ነው ይባል ይሆናል፤ ሽማግሌ አይታረምም። ቢሆንም ያ «አሜን» በአንድ ሰው አፍ ብቻ የተባለ አይደለም፤ እኛም አብረን ብለናል። እንዲያውም አንዳችን ትንሽ ቀና።

የቀረ ሁሉ ከዳ ማለታችን አይደለም። ከመካከላችን የአንዱን የትምህርት ወጪ የቻለለት ውጭ ቀርቶ ብር የሚልክ ወንድሙ ነው፤ ልጁ ይህን ሲያነሣ ሁላችንም ዝም አልን። የሱ ወንድም ግን እመለሳለሁ ብሎ የሌላ ተማሪ ወንበር ይዞ አልሄደም። ልዩነቱ ለኛ እዚህ ላይ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በልጅነታቸው ከምጽዋ በጀርመን መርከብ ተሳፍረው እንደሄዱ ይነገራል፤ የባንክ ወረቀት የጠየቃቸው አይመስለንም። በአውሮፓ ተምረው ተመለሱ፣ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ገና በጎልማሳነታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ሁለተኛው የብዙ ቀን ድካሙን ለጥቂት ሰዓት ሥራ እንደሚለውጥ አስረድተዋል። ይህን ስናነብ «ልውውጥ» የሚለው ቃል ቆረቆረን። ጓደኛችን አምስት ወር ተምሮ ቢመጣ ልውውጥ ነው እንበል። ተምሮ ቢቀርስ? ቅቤ ነጋዴዋ እናቱ እንዲህ ያለውን ንግድ ምን ብለው እንደሚጠሩት እናውቃለን፤ እዚህ አይጻፍም።

ወደ ዕዳው እንመለስ። የሃያ ሰባቱ ሳምንት ዕዳ ይጎትታል፤ ወዴት እንደሚጎትት ግን አላወቅንም። አንዱ «እናቱ ዕዳ ላይ እያሉ ምን ልብ ኖሮት ይቀራል?» ሲል፣ ሌላው «እንዲያውም ለዕዳው ሲል ሰሐን እያጠበ ይቀራል» አለ። ሁለቱም እውነት ነው። ጓደኛችን ራሱ ሲጠየቅ «እኔ እንጃ፤ አሁን ስጠይቀው ልቤ እመለሳለሁ ነው የሚለው» ከማለት በቀር ሌላ አልጨመረም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ሊሰጥ ይችል እንደሆነ እንጃ።

የዘመዱን ብር አልተቀበለም። ከባንኩ ወረቀት ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ አያያዘ፦ ገንዘቡ የእናቱ ዕቁብ መሆኑን፣ ከዚያ ውስጥ 135,000 ብሩ ገና ያልተከፈለ መሆኑን፣ ዕቁብ ምን እንደሆነም በሦስት መስመር አስረዳ። ሦስታችን «አበላሸኸው፣ ማን ዕዳ አለብኝ ይላል?» አልነው። ሁለታችን ዝም አልን። ደብዳቤው ማክሰኞ ገባ፤ እስካሁን መልስ የለም። እናቱ የዚህን ሳምንት ዕቁብ ጥለዋል፤ ሃያ ስድስት ቀረ።