ተዋጊ በሬና ባለቤቱ



በዱርቤቴ ወይም በፍኖተ ሰላም የከብት ገበያ የእርሻ በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን አይቶ፥ ጫንቃውን ዳስሶ፥ አራምዶ ከተመለከተ በኋላ ወደ ሻጩ ዘወር ብሎ ስለ ነውሩ ይጠይቃል። ነውር የሚባለው በዐይን የማይለየው ጉድለት ነው፤ በሬው ሲጠመድ የሚተኛ ወይም ሰው የሚዋጋ እንደ ሆነ የሚያውቀው ያሳደገው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው እስከዚያ ድረስ በገዛ ዐይኑ ሲመዝን ቆይቶ ከዚያ በኋላ በሌላው ሰው ቃል ላይ ይደገፋል። በቋንቋችን «እምነት» የሚለው ቃል ለሃይማኖትም ለንግድም የሚያገለግለው ያለ ምክንያት አይመስለንም።

ይህን በሬ ኦሪትም ታውቀዋለች። በዘፀአት ምዕራፍ 21 እንደ ተደነገገው በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። ነገር ግን በሬው ከቀድሞ ጀምሮ ተዋጊ ከነበረ፥ ይህም ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ፥ ባለቤቱም በደም ይጠየቃል። በሁለቱም ጊዜ በሬው በሬ ነው፤ ቀንዱም ቀንድ ነው፤ የሞተውም ሰው ያው ሰው ነው። ልዩነቱ ያለው በባለቤቱ ዕውቀት ላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፥ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ቢሆንም እንኳ፥ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ይህ ግን የካሣ ነገር ነው። ኦሪት ከካሣው አልፋ በደሉን ትመረምራለች፤ ምን ያህል ይክፈል ከማለቷም በፊት ያውቅ ነበርን ብላ ትጠይቃለች።

ይህን የምናነሣው ነገሩ ከበረት ወጥቶ ወደ ድርጅትና ወደ ኩባንያ ስለ ገባ ነው። ማንኛውም ኩባንያ ሊደርስበት የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ ይቆጥራል፤ እሳትን፥ ስርቆትን፥ የዋጋ መውደቅን፥ የተበዳሪን አለመክፈል ያሰላል፤ ኢንሹራንስም ይገባል። ይህ አስተዋይነት ነው፤ አስተዋይነትም ከዐበይት ምግባራት አንዱ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። የበቆሎ አገር የሆነው ምዕራብ ጎጃም ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1994 ዓ.ም. ምርት ከመብዛቱ የተነሣ የበቆሎ ዋጋ ወድቆ ብዙ ገበሬ ለፍቶ ያመረተውን የሚገዛው አጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በአገሪቱ ድርቅ ገባ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በብዙ መልኩ የዚያ ትዝታ ልጅ ነው። ቡሬም መጋዘን ካቆመባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። እህሉ በሦስተኛ ወገን ተመዝኖ ደረጃ ይወጣለታል፤ የገዢውም ገንዘብ አስቀድሞ ይያዛል፤ በዚህም የማይተዋወቁ ሰዎች መገበያየት ቻሉ። ስለ ምርት ገበያው ልዩ ልዩ ቅሬታ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን አሳቡ ቀና ነው፤ ሥጋቱ በእውነት ይቀንሳል እንጂ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አይዛወርም።

ሥጋት በሌላም መንገድ ይጠፋል፤ ከኩባንያው መዝገብ ጠፍቶ በማያውቀው ሰው ራስ ላይ ያርፋል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አካባቢ ተከሰከሰ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ከእነርሱም መካከል ለሥልጠና ይጓዙ የነበሩ አራት ኢትዮጵያውያን የካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስ ሠራተኞች ነበሩ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር። በውስጡ «ኤምካስ» የሚባል፥ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚደፋ ሥርዓት ተገጥሞለታል፤ ይህም ሥርዓት በአንዲት መለኪያ ብቻ ይመራ ስለ ነበር መለኪያዋ ስትሳሳት ደጋግሞ ወደ ምድር ይገፋ ነበር። አብራሪዎቹ በሚማሩበት መጽሐፍ ግን ስለ እርሱ አልተገለጠም ነበር። ኩባንያው ከተወዳዳሪው ከኤርባስ አዲስ አውሮፕላን ላለመቅረት ይቸኩል ነበርና ለገዢዎቹ አብራሪዎቻችሁ ተጨማሪ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልጋቸውም ብሎ ነበር፤ እንዲያውም ሥልጠናው ግዴታ ከሆነ በያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ከአንድ የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋውሎ ነበር። የአንዲት ገጽ ዝምታ ዋጋው ይህን ያህል ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በሬው አስቀድሞ መውጋቱ ነው። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፥ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ከዚያም በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሙያዎች ቁጭ ብለው አሰሉ፤ ሥርዓቱ ካልታረመ በእነዚህ አውሮፕላኖች ዕድሜ ውስጥ 15 ያህል አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገመቱ። ቁጥሩ ለሕዝብ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ነው። ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተላከ፤ እርማቱ እየተዘጋጀ ነው ተባለ፤ አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። ስለ አብራሪዎቹ አያያዝ በመርማሪዎች መካከል ክርክር እንደ ነበረ እናውቃለን፤ ወደዚያ አንገባም። «የተወጋው ሰው መሸሽ አላወቀበትም» ማለት ለተዋጊ በሬ ባለቤት መልስ አይሆነውምና።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይከራከረን ይሆናል፤ አደጋ የሌለበት ሥራ የለም፤ ነጋዴ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ቢናገር ማን ይገዛዋል? ነገሩ እውነትነት አለው። አደጋን በቁጥር መገመትም ኃጢአት አይደለም፤ ሐኪምም፥ ድልድይ ሠሪም ይህንኑ ያደርጋሉ። እኛ የምንለው ቁጥሩን የሚያውቀው አንዱ፥ ሕይወቱን የሚያስይዘው ደግሞ ሌላው ሲሆን፥ ትርፉም ለሚያውቀው ሲሆን፥ ያ ሥጋትን ማስተዳደር መባሉ ቀርቶ በሰው ነፍስ መነገድ ይሆናል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1991 «ቸንቴሲሙስ አኑስ» በተባለው መልእክታቸው ትርፍ የድርጅት ጤንነት ምልክት መሆኑን ተቀብለው፥ ሒሳቡ የተስተካከለ ሆኖ ሳለ ሰዎቹ ሊዋረዱ እንደሚችሉ ማመልከታቸው ለዚህ ነው።

ቦይንግ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ለሟች ቤተሰቦችና ለተጎዱ ማኅበረሰቦች 100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታወቀ። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ባደረገው ስምምነት ሁለት ሠራተኞቹ ተቆጣጣሪውን ማሳሳታቸውን አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ፤ የወንጀሉ ክስ በመንግሥቱ ጥያቄ በኖቬምበር 2025 ተዘግቷል። ዛሬ የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው እንዲህ ያለው ስጦታ ነው፤ ትምህርት ቤት መሥራት፥ ችግኝ መትከል፥ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር። ስጦታውን አንንቅም። ነገር ግን ሚዛኑን አጉድሎ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚያመጣ ነጋዴ በእኛም መንደር አይጠፋም፤ ጧፉ ሚዛኑን አያቃናውም። በዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው እንዳይወድቅበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። መከታው የሚሠራው ሰው ከመውደቁ በፊት ነው፤ የኩባንያም የመጀመሪያው ማኅበራዊ ኃላፊነት ይኸው ይመስለናል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ራሳችን ገበያ እንመልከት። የወፍጮ ቤቱ ቺንጋ መሸፈኛ ሳይኖረው ሴቶች በነጠላቸው በአጠገቡ ያልፋሉ። የጸረ ተባይ መድኃኒት ከዕቃው ተገልብጦ ጽሑፍ በሌለው የውኃ ጠርሙስ ይሸጣል። በአይሱዙው ጎማ ማለቁን ባለቤቱም ሾፌሩም ያውቃሉ፤ ከላይ በእህሉ ጆንያ ላይ የተሳፈረው ሰው ግን አያውቅም። ካቴኪስቶች ሰባተኛውን ትእዛዝ፥ አትስረቅ የሚለውን፥ ሲያስተምሩ አምስተኛውን፥ አትግደል የሚለውን፥ አብረው ቢያነቡ መልካም ነው፤ በእነዚህ ነገሮች ሁለቱ ትእዛዛት ይገናኛሉና።

የቀረ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የሾፌሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ይፋ በሆኑት የቦይንግ ሠራተኞች ደብዳቤዎች ውስጥ አንዱ፥ በሲሙሌተር የሚሰጠውን የማክስ ሥልጠና ዐይቶ፥ ቤተሰቡን በዚያ አውሮፕላን እንደማያሳፍር ለባልደረባው ጽፎ ተገኝቷል። ዐውቋል፤ ለባልደረባው ነግሯል፤ ለተሳፋሪው ግን አልደረሰም። የእኛም ሾፌር ያውቃል። በደሉ ከባለቤቱ በደል ያነሰ ቢሆንም የለም ለማለት አንደፍርም። ዳሩ ግን «በዚህ ጎማ አልነዳም» ቢል በማግሥቱ ቁልፉን ሌላ ሰው ይቀበለዋል፤ ልጆቹም እንጀራ ይፈልጋሉ። ከመንበረ ታቦቱ ፊት ሆነን እምቢ በል ብለን የምንመክረው እኛ ካህናትና ካቴኪስቶች፥ በእድሩም በሰበካውም ያሉት ወንድሞቹ፥ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ቤቱን ማን እንደሚይዝለት ከወዲሁ ተነጋግረናልን?