ሠራተኛው ከስፍራው ሲርቅ ተጠያቂው ማን ነው?

ሥራ ማለት ወደ ሥራ ቦታ መሄድ ነው ተብሎ ሲታሰብ በኖረበት በአገራችን፣ ሥራና ቦታ መለያየት ከጀመሩ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ብዙ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተደረገ። ዛሬም በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ከቤትና ከቢሮ እያፈራረቀ ይሠራል፤ ደብዳቤና ሪፖርት የሚያረቅለት ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ከጎኑ ተቀምጧል። እንግዲህ ልንጠይቀው የሚገባን የግብረ ገብ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሠራተኛው ከስፍራው ሲርቅ፣ ቃሉንም መሣሪያ ሲያዘጋጅለት፣ ለባለጉዳዩ መልስ የሚሰጠው ማን ነው?

ጥያቄው ለጎንደር ከተማና ለሰሜን ጎንደር ደጋ ሕዝብ ሩቅ አይደለም። በዳባትና በደባርቅ ገብሱን የሚያጭደው ገበሬ ሥራው ከመሬቱ አይለይምና፣ ከቤት ሆኖ የመሥራት ምርጫ አልተሰጠውም። ጉዳይ ሲገጥመው ተጉዞ ይመጣል። የሚያነጋግረው ሰው ካጣ፣ ለሠራተኛው የተገኘው ምቾት ለእርሱ የመንገድ ድካም ሆነ ማለት ነው። በስልክ ይጠይቅ እንዳይባልም፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ በመስመር ላይ ብቻ የቆመ አገልግሎት ምን ያህል እንደሚታመን አይተናል።

በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች እናስብ። ጸሐፊው ማንበብ የማይችለው ባለጉዳይ የሚናገረውን ሰምቶ በወረቀት ያሰፍራል፤ ደኅናው ጸሐፊ የጻፈውን መልሶ ያነብለታል፤ ባለጉዳዩም «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» ሲል ጣቱን ያትማል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከዚህ ይልቅ ፈጥኖና አሳምሮ ይጽፍ ይሆናል። ነገር ግን የሚማረው አስቀድሞ ከተጻፈው ነው፤ በወረቀት ያልሰፈረውን የገበሬውን ነገር የሚያውቀው ገበሬው ራሱ ነው። መሣሪያው ቢሳሳት አያፍርም፣ አይከሰስምም። ስለዚህ ፊርማውን ያኖረ ሠራተኛ «መሣሪያው ነው እንዲህ ያለው» ብሎ ሊያመልጥ አይገባውም።

ይህን ስንል መሣሪያውን ለመንቀፍ አይደለም። ሐኪም ባልበዛበት አገር ራጅ በማንበብ የሚያግዝ መሣሪያ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ሕፃን የምታሳድግ እናትም በከፊል ከቤቷ ብትሠራ የሚደገፍ ነው። ሆኖም የጎንደር ታሪክ ሚዛኑን ያሳየናል። በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያደራጀ ወደ ሕዝቡ ይልክ ነበር። መጽሐፉና መድኃኒቱ በእጃቸው ነበረ፤ ነገር ግን ሰዎች የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ለማወቅ ወደ መንደሩ መሄድ ነበረባቸው። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለው አባባል ትርጉሙ በዚህ ይታያል።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኝ ሁላችን፣ ከሩቅ በምንሠራበት ቀን ባለጉዳዩን የሚቀበል ሰው በስፍራው መኖሩን እናረጋግጥ። መሣሪያው ያረቀቀውንም ከመፈረማችን በፊት፣ እንደ ደኅናው ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ለባለጉዳዩ እናንብብለት፤ «ያልሁት ይህ አይደለም» ካለም ለማረም ብዕራችንን እናንሣ።