ውሃን መመርመር አለማመን ነውን?

ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ጎርፉ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃል፤ የሽንት ቤቱንና የበረቱን ቆሻሻ አንድ አድርጎ ወደ ጉድጓድና ምንጭ ያወርዳል። መብራት ጠፍቶ ፓምፕ ሲቆም ደግሞ የመስመሩ ግፊት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቱቦው ከተሰነጠቀበት በኩል በዙሪያው ያቆረው ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። እንደ ይፋግ ባለች ትንሽ ከተማ ከቧንቧ ኩል የመሰለ ውሃ የሚቀዳ ሰው ያላየውን አምኖ ነው የሚጠጣው። ውሃ የማቅረብ አደራ የተቀበለው ክፍል ሳይመረምር «ደህና ነው» ካለ፣ ማንም ባይታመም እንኳ፣ በማያውቀው ነገር መስክሯል።

«አባቶቻችን ከወንዝ ጠጥተው ኖረዋል» ይባላል። ይህን የሚሉት ከኖሩት የተወለዱት ናቸው፤ በተቅማጥ የተቀበሩት ሕፃናት ቆመው አልመሰከሩም። ከዚህ የሚከብደው «የፈጣሪን ስጦታ መመርመር አለማመን ነው» የሚለው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ውስጥ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡ ምዕመናን መካከል ኮሌራ ተነሥቶ ነበር፤ የኮሌራ ተህዋስ የሚዛመተው በተበከለ ውሃና ምግብ እንጂ በእምነት ማነስ አይደለም። እስልምናም ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው በነጃሳ በተለወጠ ውሃ ውዱእን አይፈቅድም፤ አማኙን ራሱን ውሃውን እንዲያጤን ያዝዘዋል።

ገንዘብ የለም የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ንጹሕ ውሃን ከአገሪቱ አቅም ጋር አያይዞታል። አዲስ መስመር መዘርጋት ውድ ነው። ተህዋስን የሚገድለው ክሎሪን በውሃው ውስጥ መኖሩን መለካት ግን ርካሽ ነው፦ አንዲት ክኒን በናሙናው ውስጥ ትሟሟለች፣ ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ ቀለሙ ከሰንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል። ውጤቱን በየሳምንቱ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ደግሞ ከአንድ ወረቀት በላይ አይጠይቅም።