ስለ መፍታትና ስለ መቍረጥ

የተሳሰረውን ነገር መቍረጥ የሚገባው መቼ ነው? ይህ ጥያቄ አስታራቂውን ሽማግሌ፥ የንስሐ አባትንና የቤተ ሰብን አለቃ ሁሉ ሳያጋጥም አይቀርም። ብዙዎች ማያያዝ ሁልጊዜ በጎ፥ መቍረጥም ሁልጊዜ ክፉ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚፈረድ እንዳይደለ፥ በዓይን ከማይታየው ከሕዋስ ምሳሌ አምጥተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በሕዋስ ውስጥ የዘር ነገር የሚጠበቅበት፥ ዲኤንኤ የሚባል፥ ከሁለት ክር የተገመደ ገመድ የመሰለ ነገር አለ። ይህ ገመድ በጨረር ወይም በሌላ ምክንያት ሲበጠስ፥ ሕዋሱ አምሳያውን ገመድ እየተመለከተ የጐደለውን ያሟላል። ይህም ጸሓፊ የተቀደደውን መጽሐፍ ከደኅናው ቅጂ አስተያይቶ እንደሚያድሰው ያለ ነው። ነገር ግን በዚህ ሥራ መካከል የሁለቱ ገመዶች ክሮች ይሻገሩና እንደ መስቀለኛ መንገድ አራት ቅርንጫፍ ያለው ቋጠሮ ይሆናሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ይህን በሐሳብ ያቀረበው እንግሊዛዊው ሊቅ ሮቢን ሆሊዴይ ስለ ሆነ ቋጠሮው በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ክሮቹ የተሻገሩት ለማዳን ነው። ሆኖም እንደ ተሳሰሩ ቢቀሩ፥ ሕዋሱ ለሁለት በሚከፈልበት ሰዓት ይጓተታሉ፤ ይበጣጠሳሉም። ለማዳን የመጣው ትስስር ገዳይ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ቋጠሮውን የሚቈርጡ ኢንዛይሞች አሉ። በዚያው አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ፥ በ1991 በባክቴሪያው በራሱ፥ በ2008 ደግሞ በሰው ሕዋስ እንዲህ ያሉ ቈራጮች ታወቁ። የሰው ሕዋሱ ጄን ዋን ይባላል። ቈራጩ ጥንድ ሆኖ ቋጠሮውን ይይዝና ትይዩ የሆኑትን ሁለት ክሮች በእኩል ስፍራ ይቈርጣል፤ ከዚያም ሊጌዝ የሚባለው ሌላ ኢንዛይም ጫፎቹን ይገጥማል። ቍርጡ እኩል ስለ ሆነ ቍስሉ በቀላሉ ይሽራል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ሥርዓቱ ነው። ሁለት ቋጠሮዎች ጐን ለጐን ሲገኙ፥ ብሉም የተባለው ኢንዛይም ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ አቀራርቦ ያለ መለዋወጥ ይፈታቸዋል። ይህ ፈቺ በተፈጥሮ የጐደለባቸው ሰዎች በገመዶቻቸው መካከል መለዋወጥ እጅግ ይበዛባቸዋል፤ ካንሰርም በወጣትነታቸው ያጠቃቸዋል። ጄን ዋን ደግሞ ሕዋሱ እስኪከፈል ድረስ ዲኤንኤው ካለበት ከእምብርቱ ውጭ ተጠብቆ ይቈያል። ያለ ጊዜው እንዲገባ ቢደረግ መለዋወጡን ያበዛል፤ ቈራጮቹ ፈጽሞ ሲታጡ ደግሞ ገመዶቹ እንደ ተቈላለፉ ይቀራሉ። ስለዚህ ፈቺው ይቀድማል፥ ቈራጩም ጊዜውን ይጠብቃል፥ ጊዜው ሲደርስ ግን አይቀርም።

በእርግጥ ሕዋስ ሕሊና የለውም፤ ምሳሌም ሕግ አይሆንም። እኛ ግን ሕሊና ያለን ስንሆን ይህን ሥርዓት አጥፍተናል። በወጣትነታችን ሁለት ወንድማማች የአባታቸውን ቤትና ከብት ሳይካፈሉ በአንድነት እንዲኖሩ አስማምለን ነበር። ክርክራቸውን ይዘው በመጡ ቍጥር መለያየት ክፉ ነው እያልን መለስናቸው። በመጨረሻ በእናታቸው ተዝካር ቀን በሰው ፊት ተደባደቡ፤ እስከ ዛሬም ሰላምታ የላቸውም። በጊዜው እኩል አካፍለናቸው ቢሆን ኖሮ፥ ንብረቱ ሁለት ቢሆን እንኳ ወንድማማችነቱ አንድ ሆኖ በቀረ ነበር። እኛ ትዕግሥት ያልነው ፍርሀት ነበር፤ ለመፍረድ ፈርተን ስንዘገይ እነርሱ ተቀዳደዱ።

ይህን ስንል ባልና ሚስት በተጣሉ ቍጥር ይለያዩ፥ ጓደኛም በትንሽ ቅያሜ ይተው ማለታችን አይደለም። ፈጥኖ የሚቈርጥ፥ ፈቺው እንደ ጐደለበት ሕዋስ ነው። ነገር ግን አንባብያን ሆይ፥ የሁለት ሰዎች ነገር በእጃችሁ በወደቀ ጊዜ ሦስቱን ጠይቁ፤ ለመፍታት በእውነት ደክመናልን? ጊዜው ደርሷልን? የምንቈርጠውስ ለሁለቱም ወገን እኩል ነውን? ለሦስቱም አዎን ብሎ መመለስ የሚችል ሽማግሌ ቢቈርጥ አይፍራ፤ መልሱ የጐደለው ግን ቢላዋውን ወደ አፎቱ ይመልስ።