በጎ ፈቃድ ብቻውን ይበቃልን? ስለ መስተዋት የዓሣ ገንዳ

ሰው ሁሉ በክፋት ከሚደረግ ጥፋት ይጠነቀቃል፤ በደግነት ከሚደረግ ጥፋት የሚጠነቀቅ ግን ጥቂት ነው። ክፉ አሳቢ የሠራው ጥፋት ቶሎ ይታወቃል፤ ዳኛ ይፈርድበታል፥ ጎረቤትም ያወግዘዋል። በጎ አሳቢ ያጠፋውን ግን ሰው ሁሉ «ምን ያድርግ፤ ለደግ ብሎ ነው» እያለ ያልፈዋል፤ አጥፊውም በዚሁ ቃል ራሱን ያጽናናል። ለተጎዳው ግን በደግነት የመጣበት ጉዳት በክፋት ከሚመጣው አይቀልለትም። እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ይህ ነው፤ ለበጎ ብሎ ያጠፋ ሰው ከዕዳ ነጻ ነውን?

ነገሩ ከባድ ስለ ሆነ በትንሽ ምሳሌ መመርመር ይሻላል። ምሳሌውም ብዙ ሰዎች ለዓይን ደስታ በቤታቸው የሚያኖሩት፥ አኳሪየም የሚባለው፥ ዓሣና የውኃ ውስጥ ተክል አብረው የሚኖሩበት የመስተዋት ገንዳ ነው። ሲያዩት የቤት ጌጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሰው በቀር ጠባቂ የሌላት ትንሽ ዓለም ናት።

አንድ ሰው ይህን ገንዳ ገዝቶ በአንድ ቀን ጠጠር ደለደለ፥ ተክል ተከለ፥ ውኃ ሞላ፤ በማግሥቱም አሥር ዓሣ አምጥቶ ጨመረ እንበል። ውኃው እንደ ምንጭ የጠራ ነው። ልጆቹ ከበው ያያሉ፤ ዓሦቹ የራባቸው እየመሰላቸውም ጧትና ማታ፥ ደግሞም በመካከሉ ምግብ ይበትኑላቸዋል። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንዱ ዓሣ ወደ ውኃው ፊት ወጥቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱ ሞተው ይገኛሉ። ሰውየው እጅግ አዝኖ «ቆሽሾባቸው ይሆናል» ይልና ጠጠሩን በፈላ ውኃ፥ ማጣሪያውንም በሳሙና ያጥባል፤ ከቧንቧም አዲስ ውኃ ቀድቶ ይሞላል። የቀሩትም ይሞታሉ። ይህ ሰው አልጨከነም፥ አልሰነፈም፥ ለገንዘቡም አልሳሳም። ነገር ግን በቸኮለ ጊዜ ገደለ፤ በመገበ ጊዜ ገደለ፤ ባጸዳም ጊዜ ገደለ።

የሞታቸው ምክንያት በዓይን አይታይም። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ የሚባል መርዝ ከሰውነቱ ያስወጣል፤ ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ መርዝ ይወልዳል። በወንዝ ውስጥ የውኃው ብዛትና ፍሰት መርዙን ያሳሳዋል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ይከማቻል። ይህን መርዝ የሚለውጡት ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቃን ሕያዋን ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይት ግን ራሱ ገና መርዝ ነው። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬትም ካልበዛ ብዙ አይጎዳም፥ ለተክሉም ምግብ ይሆናል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የተፈጥሮ ሊቅ እነዚህን ሠራተኞች በ1890 ገደማ ለይቶ አሳይቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። መኖሪያቸው በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው፤ በአዲስ ገንዳም እስኪበዙ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

እንግዲህ ሰውየው ያደረገው ሁሉ በዚህ ብርሃን ይገለጣል። ሠራተኞቹ ሳይመጡ ሥራውን አበዛ፤ በምግቡ ብዛት መርዙን ጨመረ፤ ሠራተኞቹ ጥቂት ጥቂት እያሉ መሰብሰብ በጀመሩ ጊዜም በሳሙናና በፈላ ውኃ ፈጃቸው። በብዙ ከተማ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ለሰው ጤና ተብሎ የሚጨመረው ክሎሪንም ለዓሣው ስንጥብና ለእነዚህ ሠራተኞች ጠንቅ ነው። ውኃው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ ጠራ ነበረ። የጠራ ውኃ ሁሉ ጤነኛ ውኃ አይደለም፤ ንጹሕ የሚመስል ቤት ሁሉም ሰላም ያለበት ቤት አይደለም።

ስለዚህ ሰው የሚከራከር ተነሥቶ እንዲህ ይላል፦ «ሰውየው ባክቴሪያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ባላወቀው ነገር እንዴት ይጠየቃል?» ክርክሩ መልካም ይመስላል፤ መልሱ ግን በወንዙና በገንዳው ልዩነት ውስጥ ይገኛል። በወንዝ ያለ ዓሣ ውኃው ቢከፋበት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል፤ ሙቀት ቢበዛበት ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ቢርበውም ዞሮ ይፈልጋል። በመስተዋት የተዘጋ ዓሣ ግን ክፋቱ ይሰማዋል እንጂ መሸሻ የለውም። መሸሻውን የወሰደበት ማን ነው? ባለ ገንዳው ነው። መሸሻውን የወሰደ ሰው በመሸሻው ፋንታ አንድ ነገር ሊሰጠው ይገባል፤ ይኸውም ዕውቀት ነው። ዓሣው ለራሱ የሚመርጠውን እርሱ ሊመርጥለት ተነሥቷልና ሳያውቅ ሊመርጥለት አይገባውም።

ስለዚህ አለማወቅ በሰው ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ስለ ዓሣ ምንም ባያውቅ ነውር የለበትም። ባለ ገንዳውም ገንዳውን ከመግዛቱ በፊት ባያውቅ ነውር አልነበረበትም። ዓሣውን በዘጋበት ሰዓት ግን ያው አለማወቅ ከጉድለትነት ወደ በደልነት ተሻገረ። አለማወቁ አልጨመረም፤ የጨመረው በእጁ ሥር የገባው ነፍስ ነው።

ሌላ ተከራካሪ ደግሞ ይመጣል፦ «እንዲህ ከሆነስ ማንም ሰው ምንም በጎ ነገር አይጀምር፤ ሁሉን አውቆ የሚጀምር ሰው የለምና።» ይህ ከፊተኛው ይልቅ የጠነከረ ነው። እውነትም ሁሉን አውቆ የጀመረ የለም፤ ይህን ጥበብ ያስጀመሩት ሰዎች እንኳ አላወቁም ነበር።

ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን የኬሚስትሪ ሊቅ በ1849 በአንድ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችን አኖረ። ከእነርሱም ጋር ቅጠልዋ እንደ ጥብጣብ የሚረዝም፥ ቫሊስኔሪያ የምትባል የውኃ ተክል ተከለ። አሳቡም ተክልዋ ለዓሦቹ የሚተነፍሱትን ኦክሲጅን ትሰጣለች፥ ዓሦቹም ለተክልዋ ምግብ የሚሆናትን ይሰጣሉ የሚል ነበረ። አሳቡ እውነት ነበረ፤ ነገር ግን አልበቃም። የተክልዋ አሮጌ ቅጠሎች እየበሰበሱ ሄዱና ውኃው ደፈረሰ፤ በመስተዋቱም ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ተለጠፈ። ዋሪንግተን በዚህ ጊዜ «እኔ ለበጎ አስቤ ነበር» ብሎ አልተቀመጠም፤ ሁሉንም ደፍቶ በችኮላ እንደገና አልጀመረም። በተፈጥሮ ኩሬ ውስጥ የበሰበሰውን የሚበላ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ የኩሬ ቀንድ አውጣዎችንም አምጥቶ ጨመረ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን በሉ፥ ውኃውም ጠራ፤ እንቁላላቸውም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ይህንንም በ1850 በለንደን ለነበረው የኬሚስትሪ ማኅበር አስታወቀ።

መልሱ እንግዲህ በዚህ ሊቅ ሥራ ይገኛል። ከጠባቂው የሚፈለገው ሁሉን ማወቅ አይደለም፤ ጥፋቱ በታየ ጊዜ ደግነቱን መመስከር ትቶ የጎደለውን መፈለግ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት አለማወቅ ነው፥ ይቅርታም አለው። ሁለተኛው ስሕተት ግን አይቶ አለመጠየቅ ነው፤ ይህኛው በደግነት መጋረጃ አይሸፈንም።

በጎ ነገርም መጠን እንዳለው ያው ገንዳ ያስተምራል። ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1771 የሻማ መብራት በጠፋበት በተዘጋ አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አኖረ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ በዚያው አየር ሻማ መልሶ ሲነድድ አየ። በዚህም ተክል የተበላሸ አየርን እንደሚያድስ ታወቀ። ዳሩ ግን ያን ኢንገንሃውስ የተባለው የሆላንድ ሐኪም በ1779 ይህ ሥራ በብርሃን ብቻ እንደሚሆን፥ በጨለማ ግን ተክሉ ራሱ አየርን እንደሚያበላሽ ገለጠ። ይህን ሰምቶ «ብርሃን መልካም ከሆነ ሌሊትም ቀንም ይብራለት» የሚል ባለ ገንዳ ደግሞ ይሳሳታል፤ በቀን 8 ሰዓት ያህል የሚበቃውን ብርሃን እጥፍ ቢያደርገው የሚጠቀመው አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ዝቃጭ ነው፤ እርሱም የተተከለውን ተክል ሸፍኖ ያንቀዋል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። አዋቂ ጠባቂ አስቀድሞ ለሥር የሚበቃ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይደለድላል፤ ተክሉንም አብዝቶ ይተክላል፤ የውኃውን ክሎሪን በመድኃኒት ያጠፋል፤ ለሞቃት አገር ዓሦችም ሙቀቱን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ከሁሉ የሚከብደውን ነው፤ ይጠብቃል። ዓሣ የሌለበትን ገንዳ ጥቂት የአሞኒያ ምንጭ እየሰጠ ሳምንታት ያህል ያያል፤ በመመርመሪያ ጠብታም አሞኒያውና ናይትራይቱ ታይተው መልሰው እስኪጠፉ ድረስ ይታገሣል። ጎረቤቶቹ «ይህ ሰው ባዶ ውኃ ይጠብቃል» ብለው ይሥቁ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዓሦቹንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት አድርጎ ያስገባል። በጥቂት ደቂቃ በልተው የሚጨርሱትን ብቻ ይሰጣቸዋል፤ በየሳምንቱ ከውኃው እሩቡን ያህል ይለውጣል፤ የማጣሪያውንም ስፖንጅ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ብቻ ያለቀልቃል፥ የማይታዩትን ሠራተኞች እንዳይገድል። ከዚህ ሁሉ ሥራ አብዛኛው እጅን መሰብሰብ ነው። ፍቅር በመስጠት ብቻ ይገለጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ገንዳ አይጠብቅም።

ዕውቀት የጎደለው ፍቅር ጉዳቱ ከገንዳው ወጥቶ ወደ ባሕርና ወደ ሐይቅ የደረሰበት ጊዜም አለ። ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው የእንግሊዝ የተፈጥሮ ሊቅ የባሕር ፍጥረቶችን እጅግ የሚወድ ሰው ነበረ፤ በ1854 ባሳተመው መጽሐፍም አኳሪየምን ለሕዝብ አስወደደ። መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች ዕቃቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር ጎረፉ፤ በዓለት መካከል የነበሩትን የውኃ ጉድጓዶችም አራቆቱ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ አባቱ ያላሰበው ጥፋት በእርሱ ምክንያት እንደ መጣ አውቆ እጅግ እንዳዘነ መስክሮለታል። ይህ ሰው ዓይኑን ከጥፋቱ ስላላዞረ ሊመሰገን ይገባዋል።

ምሕረትም እንዲሁ ያታልላል። ገንዳው የሰለቸው ሰው «ከምገድላቸው ነጻ ላውጣቸው» ብሎ ዓሦቹን ወደ ሐይቅ የለቀቀ እንደ ሆነ ልቡ ይቀልለዋል። ነገር ግን ወርቃማ ዓሣ በሰፊ ውኃ ሲለቀቅ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ ጭቃውን እየቆፈረ ውኃውን ያደፈርሳል፥ የአገሩንም ዓሦች ምግብ ይሻማል። ለጌጥ የተወደደ ተክል ወደ ሰፊ ውኃ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ኢትዮጵያ ታውቃለች። እምቦጭ የተባለው አረም የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ሐምራዊ አበባው ውብ ስለ ሆነ ለኩሬ ጌጥ እየተባለ ወደ ብዙ አገሮች ተወሰደ። በኢትዮጵያ በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በዳርቻው ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች በእጃቸው እየነቀሉ ደክመዋል። አበባውን ወድዶ ከአገሩ ያወጣው ሰው የጣናን ዓሣ አጥማጅ ጠላሁ አላለም፤ ጉዳቱ ግን ከጠላት ጉዳት አላነሰም።

የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬ ከዓሣ ያልፋል። ራሳቸው ሊሸሹ በማይችሉበት ስፍራ በሰው እጅ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሕፃን በወላጁ ቤት፥ ደቀ መዝሙር በመምህሩ ፊት፥ ሕመምተኛ በአልጋው ላይ፥ እስረኛ በዘበኛው ሥር፥ አረጋዊም በጧሪው እጅ። የእነዚህ ጠባቂ «እወዳቸዋለሁ» ቢል መልካም ብሏል፤ ነገር ግን ይህ ቃል የመጀመሪያ ነው እንጂ የመጨረሻ አይደለም። ልጁን እያጎረሰ የሚያሳምም አባት፥ ተማሪውን እያቻኮለ የሚያደነቁር መምህር፥ ቤቱን አጸዳለሁ ብሎ በቤቱ ውስጥ በስውር የሚሠሩትን የሚያባርር አዲስ ሹም፥ ሁሉም ባለ ገንዳውን ይመስላሉ። ልባቸው ሲመረመር ክፋት አይገኝበትም፤ በእጃቸው ያለው ሲመረመር ግን ሕይወቱ ሲደክም ይገኛል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። በጎ ፈቃድ ሰውን ከክፋት ስም ያድነዋል፤ ከዕዳው ግን አያድነውም። ዕዳውም የሚለካው ጠባቂው ባሰበው መጠን ሳይሆን የተጠበቀው ፍጥረት መሸሻ ባጣበት መጠን ነው። ይህም ሲባል በጎ ፈቃድ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የማይወድድ ሰው ለማወቅም አይደክምምና። በጎ ፈቃድ ዘር ነው፤ ዘሩን በእጁ ይዞ «አርሻለሁ» የሚል ገበሬ ግን የለም።

መልካም የዓሣ ጠባቂ ጧት ወደ ገንዳው በመጣ ጊዜ ምግቡን ወዲያው አይበትንም። አስቀድሞ ቆሞ ያያል፤ ስንት እንደ ሆኑ ይቈጥራል፥ አተነፋፈሳቸውን ያስተውላል፥ ትናንት ያልተበላ ቀርቶ እንደ ሆነ ይመረምራል። ከዚያ በኋላ ይሰጣል፤ አንዳንድ ቀንም ምንም ሳይሰጥ ይመለሳል።